የማይበላው መንጋ

በአዲሱ የባሕር ዳርቻ መንጋ የሌለው ቤት የለም። መንጋው ግን አይጮኽም፣ አይታለብም፣ ቀንድም ጭራም የለው። ክብ ነው፤ ዙሪያውን እሾህ ነው። አፉ ከሆዱ ሥር መሬት ላይ ተደፍቷል፤ የሚጸዳዳው ደግሞ በአናቱ በኩል ነው። የመንዝ ሰፋሪዎች መጀመሪያ ወደ ቆላ ወርደው የባሕር ጃርትን ሲያዩ፣ አንድ ሽማግሌ «ይኼንንስ እግዜር ሐሙስ ማታ ደክሞት ሳለ ነው የፈጠረው» አሉ ይባላል። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ። ዛሬ የሚስቅ የለም፤ ሰፈሩ የቆመው በእነዚህ ፍጥረቶች ጥርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ጨው ይቆረጥበት የነበረው ረባዳ ባሕር ከገባበት ወዲህ፣ ሰፈሩን ከማዕበል የሚከልለው ከባሕሩ ወለል እንደ ድንጋይ የሚያድገው ኮራል ነው። ኮራሉን አረም ያፍነዋል። አረሙን ጃርት ይግጠዋል። ጃርቱን ሰው ይጠብቀዋል። ሰውን ማን እንደሚጠብቀው ነጋሪው ተናግሮ አያውቅም።

ነጋሪው በየቤቱ ግድግዳና በየጀልባው ጠርዝ ውስጥ ያለው ድምፅ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፤ ለነገሩ መቼም አይተኛም።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ የሻረግ። ዛሬ ፀሐይ ትበረታለች። ጥላዎን ሳይዙ እንዳይወጡ።»

«እሺ፣ ሰማሁ። ደግሞ ጀመረህ» ትላለች የሻረግ፣ ጥላዋን ከደጃፉ እያነሣች።

ጥላው ትከሻ ላይ በማሰሪያ የሚቆም ግራጫ ሸራ ነው። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ይሸከመዋል፤ ያለ ጥላ ደጅ የታየ ሰው ይቀጣል። የሻረግ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ቢጠጋም ወገቧ አልጎበጠም፤ ምላሷም እንደዚያው። ባሕሩ ዳር ስትደርስ ጥላዋን አጣጥፋ ታስቀምጥና፣ መተንፈሻዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ይዞታዋ ትጠልቃለች። ውሃው እስከ ሁለት ሰው ቁመት ቢሆን ነው። ታች መንጋዋ ተበትኖ ይግጣል። ከእሾሁ መካከል እንደ ክር የቀጠኑ ብዙ እግሮች ይወጣሉ፤ ጫፋቸው የነካውን ነገር ይይዛል። በእነሱ እየጎተተ፣ ቀኑን ሙሉ ሄዶ ከአንድ ቤት ወለል የማይበልጥ መንገድ ይሄዳል። የት ይደርሳል ብሎ የሚቸኩል ፍጥረት አይደለም። ዐይን የለውም፤ ግን እጇን ከበላዩ ስታሳልፍ ጥላዋ ሲያርፍበት እሾሁን ወደ እጇ ያዞራል። በአምስቱ ጥርሶቹ አረሙን ከድንጋዩ ላይ ፍቅፍቅ አድርጎ ሲያነሣው፣ ያለፈበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያን ነጭ ነገር ስታይ የሻረግ ደስ ይላታል፤ ታርሶ የተጠናቀቀ ማሳ ያየች ይመስላታል።

መንጋው ለምን ለመንዝ ሰዎች ተሰጠ ለሚል ሰው ምክንያቱ አጭር ነው፤ አይበሉትም። ጃርቱ ሆድ ውስጥ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ ነገር አለ፤ በሩቅ አገር ጥሬውን የሚሻሙበት ነው። ከእነሱ በፊት ይዞታውን የተረከቡት ሰፋሪዎች መንጋውን በልተው ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ብልህ ሹም «የማይበላ ሕዝብ ፈልጉልኝ» ያለው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ካህን ቢለምነው የማይቀምስ ሕዝብ ተፈልጎ ተገኘ። በወዲያኛው ወገን ያሉት የአፋር ቤቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ከባሕር የሚወጣ ነገር ድሮውንም ደስ አይላቸው። እናም ሁለቱ ሕዝብ ባለመብላታቸው ታምነው ጎን ለጎን ተሰለፉ።

እምነቱ ግን በየዓመቱ ይመረመራል። ከፍልሰታ ጾም ፍቺ በኋላ ሰፌዱ ይመጣል። ሰፌድ ያሉት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ በባሕሩ ወለል ላይ ዝም ብሎ የሚያልፍ መለኪያ ነው። አረሙ ከይዞታው እኩሌታ በላይ ሸፍኖ ካገኘው ቤተሰቡ ይነሣል። የተነሣ ሰው ወደ ደጋው ማማዎች ይወሰዳል፤ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ይሰጠዋል፤ ምግብም ውሃም አይጎድልበት። ተመልሶ ግን ወደ ባሕሩ አይገባም። የሻረግ ይህንን ነገር ስታስብ ቀና ብላ ከቤቷ በላይ ታያለች። ባሏ ደምሰው ከቤታቸው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው የተቀበረው። ኮራሉን ችግኝ በችግኝ የተከሉት ሁለቱ ናቸው፤ እሱ ውሃው ውስጥ ሆኖ፣ እሷ ከጀልባው እያቀበለችው። እዚህ ትታው ሄዳ፣ መስኮት በማይከፈት ቤት ተቀምጣ፣ «ደምሰው ጥላ አለው ወይ?» እያለች ልትኖር ነው። ከዚያስ ሞት ይሻለኛል ትላለች፤ ስትለውም ከልቧ ነው።

ስለዚህ መንጋዋን የምትጠብቀው እንደ ዐይኗ ብሌን ነበር። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

አባቷ በመንዝ ከመጨረሻዎቹ ከብት አርቢዎች አንዱ ነበሩ። «ከብት ያለው ሰው እጁ ሥራ አይፈታም፤ ምሽቱን መዥገር ሲነቅል ያመሻል» ይሉ ነበር። የሻረግ የባሕር ጃርቶቹን መጀመሪያ ስታይ ጀርባቸው ላይ የማይታይ ነገር አልነበረም። የተሰበረ ዛጎል፣ የሞተ ኮራል ስባሪ፣ የአረም ቅጠል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የጠርሙስ ክዳን። «ምስኪኖች፣ ቆሻሻ ወርሷቸዋል!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየጠለቀች ከእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ትለቅም ጀመር። ጃርቱ በቀጫጭን እግሮቹ ይዞ አልለቅም ይላታል፤ እሷም ቀስ ብላ፣ እግሩ እንዳይበጠስ እያባበለች ታስለቅቀዋለች። ልጅ እንደ ማጠብ ነበር።

ሲጸዱ ደግሞ የሚያምሩበት ነገር አላቸው። እሾሃቸው ነጭ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቆዳቸው ሐምራዊ ነው። ከአናታቸው ተነሥቶ እስከ አፋቸው የሚወርድ አምስት መስመር አለ፤ የቀሚስ ጥልፍ ይመስላል። ፀሐይ ውሃውን ሰንጥቃ ስታርፍባቸው መንጋው ሁሉ ያበራ ነበር።

«የመንጋዎ ንጽሕና ለሰፈሩ አርአያ ነው» አላት ነጋሪው አንድ ቀን። በማግሥቱ ይህንኑ በየቤቱ ግድግዳ ደገመው። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ራሳቸው መጥተው፣ «የሻረግ፣ በይ እንግዲህ እኛንም አሳዪን» አሏት። አሳየቻቸው። ብዙም ሳይቆይ የመንዝ ሰፈር መንጋ በሙሉ ተለቅሞ ጸዳ።

ከየሻረግ ጎረቤቶች ያልለቀመችው መዲና ብቻ ናት። መዲና ከየሻረግ ይዞታ ጋር በመረብ የምትዋሰን የአፋር ሴት ናት፤ እድሜያቸውም ተቀራራቢ ነው። አያቷ አሁን ውሃ ውስጥ በሰመጠው ሜዳ ላይ ጨው ይቆርጡ ነበር። ረጅም ናት፣ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ በጀልባዋ የመስተዋት ወለል በኩል ወደ ታች ስታይ ትውላለች። መንጋዋ ዛጎልና የኮራል ስባሪ ተሸክሞ፣ ገበያ የተፈታበት ሜዳ መስሎ ይውላል።

«አንቺ መዲና፣ እነዚህን ልጆችሽን አታጥቢያቸውም እንዴ?» ትላታለች የሻረግ።

«የኔ ልጆች ገበያ አይወጡ። ለማን ብዬ ላጥባቸው?» ትላለች መዲና።

ይሳሳቃሉ። አንዳቸው የሌላቸውን በዓል ያውቃሉ፤ ደምሰው የሞተ ጊዜ መዲና ውሃ እየቀዳች የሐዘንተኛዋን ቤት ይዛላት ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው በእነሱ ደርሷል።

የመንጋ ቀን በሚሉት በዓል ሰው ሁሉ በጀልባ እየዞረ የጎረቤቱን መንጋ ያያል። የዚያን ዓመት የተወራው ስለ የሻረግ መንጋ ብቻ ነበር። ያየ ሁሉ «ከዐይን ያውጣቸው» እያለ አለፈ። መዲናም መጣች። ብዙ ጊዜ ወደ ታች አየች፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ፀሐይ ላይ ያበራሉ» አለች በመጨረሻ።

ሌላ ምንም አልተናገረችም። ከዐይን ያውጣቸው አላለችም፤ እነሱ እንደሚሉት ማሻአላህም አላለችም። የሻረግ ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። በኋላ ነው ልብ ያለችው።

ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ጨመረ፤ መንጋው መታመም ጀመረ። መጀመሪያ እሾሁ ወደ ጎን ተኛ። ቀጥሎ መርገፍ ጀመረ፤ ጀርባቸው ላይ እንደ ላሽ ራስ ራቁቱን የቀረ ቦታ ይታይ ነበር። ከዚያ እግሮቻቸው ድንጋዩን ለቀቁ። የሞተ ጃርት እሾሁ አልቆ ቅሉ ብቻ ሲቀር ቀላል ነው፤ ማዕበል አንሥቶ ዳር ይጥለዋል። የሻረግ ጠዋት ጠዋት ደጃፏ ስትወጣ ባዶ ቅል አሸዋው ላይ ተደርድሮ ታገኝ ጀመር። አምስቱ መስመር ጥልፍ ቅሉ ላይ እንዳለ ነው። አንድ በአንድ ታነሣና ታያቸዋለች፤ ወዲያ ለመጣል ግን እጇ አይታዘዛትም። ጠበል አምጥታ ባሕሩ ላይ ረጨች። ለባሕር ጠበል መርጨት ምን ያህል እንደሚደርስ እሷም ታውቀዋለች፤ ግን ምን ታድርግ።

«የመንጋዎ ቁጥር ቀንሷል» አላት ነጋሪው። «የማጽዳት ጊዜዎን እንዲጨምሩ ይመከራል።»

ጨመረች። ጠዋትም ማታም ለቀመች። ሞቱም ጨመረ። ነጭ የነበረው ወለል አረንጓዴ ለበሰ፤ አረሙ ችግኞቹ ላይ ወጣ፤ ደምሰው የተከላቸው እንኳ ጫፋቸው ብቻ ይታይ ጀመር። የፍልሰታ ጾም እየቀረበ ነው። ሰፌዱ እየቀረበ ነው። በመረቡ ማዶ ግን የመዲና ቆሻሻ መንጋ አንድም ሳይጎድል ይግጣል። የሻረግ በመረቡ ውስጥ አየችው፤ «ፀሐይ ላይ ያበራሉ» ያለችው ድምፅ በጆሮዋ መጣባት፤ እንቅልፍ አጣች።

በማግሥቱ የሚጠጣ ውሃ በሚቀዳበት ቦታ የሁለቱም ሰፈር ሴቶች ተሰልፈው ነበር። መዲና ጀሪካኗን ይዛ ስትመጣ የሻረግ ተራዋን ትታ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ዐይንሽን ከመንጋዬ ላይ አንሺልኝ» አለች። «አይተሽ ዝም ያልሽ ቀን ነው የጀመራቸው። በልተሽ ጨረስሻቸው።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ መዲና ዞሩ። በመንዝ አገር ሰውን በዐይን መጠርጠር ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም፤ ለአፋሮቹም በቂ ዘመን አብረው ኖረዋልና ገብቷቸዋል። መዲና የሻረግን አየቻት። ጀሪካኗን ሳትሞላ ይዛ ተመለሰች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ የመንዝ ሰፈር ሰው መዲና በጀልባ ስታልፍ መንጋውን በሸራ የሚከልል ሆነ። ሰላምታዋንም የሚመልስ ጠፋ።

የሻረግ ግን መድኃኒቱን አገኘሁ ብላ ነበር። ያማረ ጥጃ ሲወለድ አባቷ እበት ይቀቡት ነበር፤ «የሚያስጠላ ነገር ዐይን አያርፍበትም» እያሉ። እሷም ከባሕሩ ዳር የተሰበረ ዛጎልና የሞተ ኮራል ለቅማ በቅርጫት ይዛ ጠለቀች። በተረፉት ጃርቶች ላይ አንድ አንድ አኖረችባቸው። እንዲያስጠሉ ነው። ጃርቶቹ አልተቃወሙም፤ እንዲያውም እግሮቻቸው ወዲያው ወጥተው ያዙት፤ ከእጇ ነጠቋት ማለት ይቀላል። ከዚያ ቀን በኋላ ደጃፏ ላይ የወደቀ ቅል አልታየም።

«አላልኳችሁም?» አለች ለሰፈሩ። ዐይን መሆኑ ተረጋገጠ። የመንዝ ሰፈር ሁሉ ዛጎል ፍለጋ ወጣ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሻረግ ዛሬም ትክክል ነበረች። ግን አንድ ቀን ቀኑ እጅግ ከብዷት ስለነበር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠለቀች። ታች ስትደርስ ዛጎሎቹ ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መንጋው ራቁቱን ሆኖ፣ ቀለል ብሎት፣ ይግጣል። ተናደደች። አንዱን ዛጎል አንሥታ መለሰችበት፤ ጃርቱ ከእግር ወደ እግር እያቀባበለ በጎኑ በኩል አወረደው። ሌላውንም ሞከረች፤ እንዲሁ አወረደው። እልኋ መጣና በማግሥቱ ጠዋት ቀድማ ወርዳ እየጠበቀች ተቀመጠች። ውሃው ገና ግራጫ ሳለ መንጋው ራቁቱን ነበር። ፀሐይ ብቅ ስትል የመጀመሪያዎቹ እግሮች ወደ ዛጎሉ ተዘረጉ። ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ዛጎሉ ወደ አናታቸው ወጣ። አንድ የአቧራ ደመና መጥቶ ፀሐይን ሲሸፍናት ዝቅ አደረጉት፤ ሲያልፍ መልሰው ከፍ አደረጉት።

የሻረግ ከወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አየቻቸው። የሰው ዐይን ሲመሽ የሚያርፍ፣ ደመና ሲመጣ የሚታገሥ ነገር አይደለም። ይሄ ዐይን አይደለም። ይሄ ጥላ ነው። ያለ ጥላ ደጅ ብትወጣ የምትቀጣው እሷ፣ ጠዋት ጠዋት እየወረደች የመንጋዋን ጥላ ስትገፍ ኖራለች። እያባበለች፣ እግራቸው እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀች። የገደለቻቸው እሷ ናት። አለቀሰች፤ እንባዋ መነጽሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ማየት ስለከለከላት ወጣች።

በቀጥታ ወደ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ቤት ሄዳ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ሽማግሌው በሩን ገፋ አድርገው ዘጉ።

«የሻረግ፣ ተይው ይሄን ነገር» አሉ በኋላ። «በዐይንም በይው በፀሐይ፣ መሸፈኑ መድኃኒት ሆኗል። ምን ቀረሽ? ደግሞ ሁላችንም አንቺን ሰምተን ነው የለቀምነው፤ ነጋሪውም አመስግኖናል። አሁን ብንናገር መሳቂያ ነው የምንሆነው።»

«መዲናስ፣ ጋሼ?»

«እሷም ትረሳዋለች።»

«እርስዎ ይረሱት ነበር?»

ሽማግሌው ተነሥተው በሩን ከፈቱላት። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባል ነገር አለ፤ የሻረግም ቤቷ ገብታ እሱኑ ሞከረችው። አልሆነላትም። መንጋዋ በቀን ዛጎሉን ተሸክሞ ሲሄድ ባየች ቁጥር የመዲና ባዶ ጀሪካን ትዝ ይላታል። የሰደበቻት በአደባባይ ነው፤ ይቅርታውም በአደባባይ መሆን አለበት። በአገሯ ደንብ የበደለ ሰው በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይሄዳል።

ባሕሩ ዳር ግን ድንጋይ የሚባል የለም፤ አሸዋና የሞተ ኮራል ብቻ ነው። ከሞተው ኮራል ትልቁን መርጣ ማጅራቷ ላይ አወጣችው። ያን ጊዜ ነው ጥላውን ማሰር እንደማይቻል ያወቀችው፤ የጥላው ማሰሪያና ድንጋዩ በአንድ ትከሻ አይሆኑም። ፀሐይዋ ወጥታለች። ጥላውን ደጃፉ ላይ ትታ ሄደች።

«ወይዘሮ የሻረግ፣ ጥላዎን አልያዙም» አለ ነጋሪው ከግድግዳዋ ውስጥ።

አላቆመችም። ወደ ጎረቤቷ ግድግዳ ስትደርስ ያኛው ተቀበለው፤ «ወይዘሮ የሻረግ፣ ጥላዎን አልያዙም።» ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። የሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ ከፊቷ እየቀደመ፣ በአንድ ዓይነት ጨዋ ድምፅ፣ ስሟን እየጠራ ሄደ። ሰው ምን መጣ እያለ ከየቤቱ ወጣ። መንዙም አፋሩም ከየጥላው ሥር ሆኖ አያት። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ድንጋዩን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ላቧ ዐይኗ ውስጥ ይገባል፤ ኮራሉ እየተፈረፈረ በአንገቷ ላይ ይወርዳል። የመዲና ደጅ ስትደርስ ተንበረከከች።

መዲና ወጥታ አየቻት። ደነገጠች።

«ይሄ ምንድነው? ጥላሽ ጠፍቶ ነው ድንጋይ የተሸከምሽው?»

«በኛ አገር የበደለ ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው» አለች የሻረግ መሬት መሬት እያየች። «ዐይን አይደለም፤ ፀሐይ ናት። የገፈፍኳቸውም እኔ ነኝ። አንቺን ግን በሰው ፊት በላሽብኝ አልኩሽ። በቃ እስክትዪኝ ድረስ አላወርደውም።»

መዲና ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ግን አላነሣችውም።

«የዚያን ቀን ማሻአላህ ያላልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስላላማሩኝ ነው። ራቁታቸውን ሳያቸው ፈራሁላቸው።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?»

«ፀሐይ ላይ ያበራሉ አልኩሽ እኮ። ግድግዳው ሁሉ የሚያመሰግነውን ሰው ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልንገረው?» መዲና ድንጋዩን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ውሃ ሳልቀዳ ነው የተመለስኩት፣ የሻረግ። ያን ቀን ውሃ ሳልጠጣ ነው የዋልኩት።»

«አውቃለሁ» አለች የሻረግ።

ከየግድግዳው ነጋሪው ስለ ጥላውና ስለ ቅጣቱ ይናገራል።

«በቃ» አለች መዲና። ድንጋዩን ከማጅራቷ ላይ አንሥታ አወረደችላት፤ ክንዷን ይዛ ወደ ጥላ ሥር አስገባቻት። ከፀጉሯ ላይ የኮራል ፍርፋሪ ስትለቅምላት ከቆየች በኋላ ሳቅ አለች። «አንቺም እንደ እነሱ ሆነሻል። ማን ማንን አስተማረ በይ?»

የሻረግን አስከትላ ድንጋዩን በጀልባ ወስዳ በመረቡ ድንበር ላይ ጣለችው። የሞተ ኮራል ነውና ወለሉን ሲመታ ተበታተነ። ከዚያ ወደ የሻረግ ይዞታ በመስተዋቱ አየች። አረሙን አየች፤ የቀረውን ጥቂት መንጋም አየች።

«ሰፌዱ የሚመጣው ጾማችሁ ሲፈታ ነው አይደል?»

«አዎ። እኔ ተነሥቻለሁ በይው። እስከዚያ አረሙ አይነሣልኝም።»

«በኛ ዘንድ መንጋው ያለቀበት ጎረቤት ባዶ ቤት አይቀመጥም» አለች መዲና። ቢላዋዋን አውጥታ የመረቡን ማሰሪያ ትቆርጥ ጀመር። የሻረግ እጇን ያዘቻት፤ «ያንቺን ይዞታ አረም ቢወርሰውስ? አንቺም ትነሺያለሽ» አለቻት። መዲና እጇን አስለቀቀች። «እንግዲህ አብረን ነው» አለች።

የመዲና መንጋ ቆሻሻውን እንደተሸከመ ድንበሩን ተሻገረ። ለመሻገር ብቻ ጾሙ ገብቶ ተጋመሰ። የሻረግ ፍልሰታን እንደዚያ ዓመት ጾማ አታውቅም፤ ረኃቡ እንኳ አልታወቃትም። በየቀኑ ሁለቱ ሴቶች በመዲና ጀልባ ላይ ተቀምጠው ነጩ ወለል ጥፍር በጥፍር ሲሰፋ ያዩ ነበር። የደምሰው ችግኞች አንድ በአንድ ከአረሙ ወጡ። በመዲና በኩል ደግሞ አረሙ ትንሽ ትንሽ ይበቅል ጀመር፤ ያንን መዲና እያየች ስለ ሌላ ነገር ታወራ ነበር። የሻረግም ነገሩን ለሰፈሩ ሁሉ ነገረች፤ ያመነም አለ፣ ፊቱን ያዞረም አለ።

ጾሙ ተፈታ። ሰፌዱ በጠዋት መጣ። ሁለቱ ጀልባው ላይ ሆነው ጥቁሩ ክብ ነገር ከሥራቸው ሲያልፍ አዩት። በመዲና ይዞታ ላይ አለፈ፤ ድንበሩ ላይ ዘገየ፤ በየሻረግ በኩል ቀጠለ። የሻረግ የመዲናን እጅ ይዛ እንደነበር ያወቀችው ጣቷ ሲደነዝዝ ነው።

«ወይዘሮ መዲና፣ ይዞታዎ ይቀጥላል» አለ ነጋሪው ከጀልባው ጠርዝ። «ወይዘሮ የሻረግ፣ ይዞታዎ ይቀጥላል። የመንጋዎ ንጽሕና ግን ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል።»

መዲና ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። የሻረግ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ ጉብታው ዞራ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ለማን እንደሆነ መዲና አልጠየቀቻትም። በዚያው ቀን ከመንዝ ሰፈር ሁለት ቤት ተነሣ። ሁለቱም ማጽዳት ከየሻረግ የተማሩ ናቸው። እስከ መኪናው ሸኘቻቸው፤ ዕቃቸውንም ተሸከመችላቸው። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሯትም፤ እሱ ነው ቤቷ ገብታ ያንገበገባት።

በማግሥቱ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከመዲና ጋር ድንበሩ ላይ ጀልባውን አቆሙ። ታች አንድ ጃርት ከተበታተነው ድንጋይ አንዱን ስባሪ አናቱ ላይ አውጥቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። የማን መንጋ እንደሆነ አይታወቅም። የሻረግ እጇ ሳታስበው ወደ ውሃው ተዘረጋ፤ የለመደ እጅ ነው። ጣቷ ውሃውን ሲነካ ትዝ አላትና ሰበሰበችው።

«ተሸከመው» አለችው ወደ መስተዋቱ ጎንበስ ብላ። «ሲመሽ ታወርደዋለህ።»